ሞተር ብስክሌት ዐቀበትን በዝግታ መውጣት እንዴት ተማረ፤ ስለ ማርሽና ስለ ፍሪሲዮን አመጣጥ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

ስለ ሞተር ብስክሌት የተጻፉት ታሪኮች አብዛኞቹ የፍጥነት ታሪኮች ናቸው። በየትኛው ዓመት ማን በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ነዳ፣ የየትኛው ፋብሪካ ሥራ የትኛውን እሽቅድምድም እንዳሸነፈ በዝርዝር ተመዝግቦ ይገኛል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምር ያሰብነው ተቃራኒውን ነው፤ ይኸውም ሞተር ብስክሌት በዝግታ፣ ያውም ቀጥ ባለ ዐቀበት ላይ በዝግታ መሄድን እንዴት እንደ ተማረ ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ፈጥኖ መሮጥ የቻለ መሣሪያ ቀስ ብሎ መሄድ ምን ያቅተዋል የሚል ሰው አይጠፋም። ታሪኩ የሚያስረዳን ግን እንዲህ አይደለም። ከ1894 እስከ 1910 ገደማ ድረስ ከተሠሩት ሞተር ብስክሌቶች የሚበዙት በሜዳ ላይ ፈረስ እየቀደሙ ይሮጡ የነበሩ ሲሆኑ፣ አንድ ጠና ያለ ዐቀበት ሲገጥማቸው ግን ነጂው ወርዶ የሚገፋቸው ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ልናስረዳ የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዐቀበትን በዝግታ የመውጣት ችግር የጕልበት ማነስ ሳይሆን የማርሽ ማጣት መሆኑን ነው። ሁለተኛ፣ መፍትሔው ከተገኘ በኋላም ቢሆን የውድድር ሕግ አውጪዎች ለጊዜው እንደ ተቃወሙትና በመጨረሻ ክርክሩን የቈረጠው ሰው ሳይሆን ተራራ መሆኑን ነው። ሦስተኛ፣ መሣሪያው ከተሟላ በኋላ የነጂው ጥበብ ራሱን የቻለ ታሪክ እንዳለው ነው።

1. ማርሽ ያልነበረበት ዘመን

በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት በ1894 በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ የተሠራው የሂልደብራንድና ቮልፍሙለር መሣሪያ ነው። የሞተሩ መጠን 1,488 ሲሲ ስለ ነበረ ለዛሬ ተመልካች እንኳ ትልቅ ነው። ነገር ግን ፍሪሲዮን አልነበረውም፤ ማርሽም አልነበረውም። የፒስቶኖቹ ዘንጎች እንደ ባቡር ዘንግ በቀጥታ ከኋላው እግር ጋር የተያያዙ ነበሩ፤ የኋላው እግር ራሱም በቮላኖ ምትክ ያገለግል ነበር። እንግዲህ እግሩ ሲዞር ሞተሩ ይዞራል፤ እግሩ ሲቆም ሞተሩ ይቆማል ማለት ነው። ይህ መሣሪያ በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ሲችል ከዚያ አሳንሶ መሄድ ግን ትልቅ ጭንቅ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ በፓሪስ ይኖሩ የነበሩት የቬርነር ወንድማማቾች በ1901 ሞተሩን ዝቅ አድርገው በብስክሌቱ መካከል፣ ፔዳሉ በሚገኝበት ስፍራ አጠገብ አኖሩት። ይህ አቀማመጥ ክብደቱን ወደ መሬት ስላቀረበው ለሚዛን እጅግ ጠቃሚ ሆነ፤ እስከ ዛሬም የሞተር ብስክሌት መልክ ከዚያ አልራቀም። ኀይሉ ወደ ኋላው እግር የሚተላለፈው ግን በአንድ የቆዳ ወይም የጎማ ቺንጊያ ነበር። ቺንጊያው በሞተሩ ትንሽ መዘውርና በኋላው እግር ትልቅ መዘውር ላይ ይጠመጠማል፤ የሁለቱ መዘውሮች ልክ አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ በጉዞ ላይ አይለወጥም።

ይህ አሠራር የሚናቅ አልነበረም። ቺንጊያ ቀላል ነው፤ ርካሽ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ የሞተሩንም ንቅናቄ አለዝቦ ያስተላልፋል። ቢበጠስ ነጂው በመንገድ ዳር ተቀምጦ በራሱ እጅ ሊጠግነው ይችላል። በዚያ ዘመን የነበረው ካቴና ግን አስደንጋጭ ንቅናቄ ነበረው፤ የማርሽ ጥርሶችም ክብደት የሚጨምሩና የሚሰበሩ ነበሩ። ስለዚህ ቺንጊያን ይደግፉ የነበሩ መሐንዲሶች ግትሮች ነበሩ ማለት ፍርደ ገምድል መሆን ነው። ጉድለቱ የታየው በሁለት ሁኔታ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ቺንጊያው ይንሸራተታል፣ ዐቀበት ሲመጣ ደግሞ ሞተሩ ይታፈናል።

በዚያ ጊዜ የነበረው ነጂ ዐቀበትን የሚወጣበት ዘዴ እንዲህ ነበር። ገና ከሩቅ ዐቀበቱን ሲያይ ነዳጁን በሙሉ ይከፍትና ይንደረደራል። የእርምጃው ኀይል ሲያልቅበት በፔዳል ይረግጣል። ያም ሳይበቃ ሲቀር ከመሣሪያው ላይ ዘሎ ወርዶ መሪውን እንደ ያዘ አጠገቡ ይሮጣል፤ ዐቀበቱ ሲለሰልስ ደግሞ ዘሎ ይወጣል። አንዳንዱም የመንገዱን ቀጥታ ለማለዘብ ከዳር እስከ ዳር እየተጠማዘዘ ይወጣ ነበር። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እየተንደረደሩ መግባት፣ ከላይም ጋሪ ወይም ከብት ቢመጣ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ለመናገር አያስፈልግም። ዝግታ የተከለከለበት ነጂ ከመፍጠን በቀር ምርጫ አልነበረውም።

2. ነገሩ በቍጥር ሲመረመር

የችግሩን ሥር ለማወቅ ጥቂት ሂሳብ ያስፈልጋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ተዳፋት ወለል የተማርነው ትምህርት ለዚህ ይበቃል።

አንድ ነጂ ከነመሣሪያው 150 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። መንገዱም በየ5 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ የሚል ዐቀበት ነው እንበል። ይህን ክብደት ወደ ላይ ለመሳብ 30 ኪሎ ግራም ያህል የመሳብ ኀይል ያስፈልጋል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢወጣ የሚያስፈልገው ጕልበት 1 የፈረስ ጕልበት ከጥቂት ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢወጣ ግን ከ4 የፈረስ ጕልበት በላይ ይጠይቃል፤ የነፋሱና የመንገዱ መከላከል ገና አልታሰበም። እንግዲህ ዐቀበትን በዝግታ መውጣት የሚጠይቀው ጕልበት በፍጥነት ለመውጣት ከሚያስፈልገው አንድ አራተኛው ብቻ ነው። በ1907 የነበረ ተራ ሞተር ለዝግታው የሚበቃ ጕልበት ሞልቶት ተርፎት ነበር።

ታዲያ ስለ ምን አቃተው? መልሱ በሞተሩ ዙር ይገኛል። የኋላው እግር ዙሪያ ወደ 2 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲኬድ እግሩ በደቂቃ 80 ጊዜ ያህል ይዞራል። የመዘውሮቹ ልክ አምስት ለአንድ ቢሆን ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው 400 ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ዙር የዚያ ዘመን ሞተር ጭነት ይዞ ሊሠራ አይችልም፤ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን ዙሩ 1,600 ስለሚደርስ ሞተሩ ሙሉ ጕልበቱን ይሰጣል። ልኩ አምስት ለአንድ መሆኑ ቀርቶ አሥር ለአንድ ቢሆንስ? በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ የሞተሩ ዙር 800 ይሆናል፤ መሣሪያውም ሳይጨነቅ ይወጣል።

ከዚህ የምንረዳው ችግሩ የጕልበት እጥረት ሳይሆን ጕልበቱን ከመንገዱ ጋር የሚያስማማ መካከለኛ ማጣት መሆኑን ነው። ይህ መካከለኛ ማርሽ ይባላል። ከቆመበት ለመነሣትና ዙሩ ሲያንስ ሞተሩን ከእግሩ ለይቶ ለማዳን የሚያስችለው ደግሞ ፍሪሲዮን ይባላል።

3. ሕግ አውጪዎችና ማርሽ

መፍትሔው ከብዙዎች እጅ በየራሱ መንገድ መጣ። በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ግዛት ፌሎንና ሙር የተባለው ፋብሪካ ከ1910 በፊት ሙሉ በሙሉ በካቴና የሚሠራና ባለ ሁለት ማርሽ ሞተር ብስክሌት ያወጣ ነበር። በዚያው ግዛት በብራድፎርድ ከተማ አልፍሬድ አንጋስ ስኮት የተባለው መሐንዲስ በ1908 ባለ ሁለት ፒስቶንና ባለ ሁለት ማርሽ መሣሪያ አቀረበ፤ በእግር ተረግጦ የሚነሣ በመሆኑም መግፋትና መሮጥ አላስፈለገውም። ዜኒት የተባለው ፋብሪካ ደግሞ ፍሬዲ ባርንስ የፈለሰፈውንና ግራዱዋ የተባለውን ስልት አወጣ። በዚህ ስልት ነጂው አንድ እጀታ ሲያዞር የሞተሩ መዘውር ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ ቺንጊያው እንዳይላላም የኋላው እግር በዚያው ልክ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ ነጂው ሳይወርድ፣ በጉዞ ላይ እንዳለ፣ ልኩን እንደ ዐቀበቱ ሁኔታ ይለዋውጣል።

በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። የዜኒት መሣሪያ ዐቀበት በመውጣት ውድድር ላይ ደጋግሞ ስላሸነፈ በርካታ ክበቦች አንድ ልክ ብቻ ካላቸው ጋር እኩል መወዳደር የለበትም በማለት አገዱት። ፋብሪካውም አላዘነም፤ «የታገደ» የሚለውን ቃል የንግድ ምልክቱ አድርጎ መሣሪያውን ከእስር ቤት ፍርግርግ ኋላ ሥሎ አሳየ። ስኮት ባሸነፈ ጊዜም የውድድሩ ባለ ሥልጣኖች የሞተሩን መጠን በ1.32 እያባዙ እንደ ትልቅ ሞተር ቈጠሩበት፤ ይህ ቅጣት ለጥቂት ጊዜ ጸንቶ ቆየ። የዚህኛው ምክንያት ሞተሩ በእያንዳንዱ ዙር ነዳጅ የሚያቃጥል መሆኑ ነበር፤ ውጤቱ ግን ያው አዲስ ነገር ይዞ የመጣን ሰው ማስከፈል ነው።

ሕግ አውጪዎቹ የራሳቸው አስተያየት ነበራቸው። ውድድር ማለት እኩዮችን ማወዳደር ነው፤ አንዱ የተለየ መሣሪያ ይዞ ከገባ የነጂዎቹ ችሎታ አይታወቅም ይሉ ነበር። ይህ አባባል ለጨዋታ ሲሆን ትክክል ነው። ነገር ግን የነዚያ ውድድሮች የመጀመሪያ ዓላማ ለሕዝቡ የሚያገለግል ሞተር ብስክሌት እንዲሻሻል ማበረታታት ነበር። ዓላማው ይህ ከሆነ ዐቀበትን በተሻለ ሁኔታ የሚወጣውን ከዐቀበት ውድድር ማገድ፣ በደንብ የሚያርሰውን በሬ ከእርሻ እንደ ማስወጣት ነው። በእኛ አስተያየት በዚህ ጊዜ የታየው ሕጉ ለዓላማው ማገልገሉን ትቶ ለልማዱ ማገልገሉ ነው።

4. የአይል ኦፍ ማን ተራራ ፍርድ

በእንግሊዝ አገር በሕዝብ መንገድ ላይ እሽቅድምድም ማድረግ ስለማይፈቀድ ውድድሩ የሚደረገው የራሷ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ባላት በአይል ኦፍ ማን ደሴት ነበር። በ1905 ሞተር ብስክሌቶች በዚያ ለመወዳደር በተሰናዱ ጊዜ በ1904 አውቶሞቢሎች የሄዱበትን የተራራ መንገድ ሊወጡት አይችሉም ተብሎ ውድድሩ በሌላ ጎዳና እንዲሆን ተደረገ። ዛሬ ቱሪስት ትሮፊ እየተባለ የሚጠራው ውድድር በ1907 ሲጀመርም የተመረጠው ከተራራው የራቀው የሴንት ጆንስ ጎዳና ነው። በዚያ ዓመት ባለ አንድ ፒስቶኖቹን ቻርሊ ኮሊየር በማችለስ ሞተር ብስክሌት፣ ባለ ሁለት ፒስቶኖቹን ሬም ፋውለር በኖርተን አሸነፉ። ነጂዎቹ ዐቀበት ላይ ፔዳል እንዲረግጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። በ1908 ግን ፔዳል ተከለከለ። በዚህም ክልከላ የነጂው እግር ለሞተሩ ጉድለት መሸፈኛ መሆኑ አበቃ።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ1911 ነው። አዘጋጆቹ በዚያ ዓመት ውድድሩን ከሴንት ጆንስ ወደ ተራራው ጎዳና አዛወሩት። ይህ ጎዳና አንዱ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ዳር ከራምዚ ከተማ ተነሥቶ በስኔፈል ተራራ ጎን ከ400 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል። ውሳኔው ከተሰማ በኋላ አንድ ልክ ብቻ ያለው መሣሪያ ይዞ መቅረብ ከንቱ እንደ ሆነ ፋብሪካዎች ሁሉ ተረዱት። ውጤቱም ይህንኑ መሰከረ፤ በትልቁ ውድድር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ኦሊቨር ጎድፍሬይ፣ ቻርልስ ፍራንክሊንና አርተር ሙርሃውስ ሲሆኑ፣ ሦስቱም የነዱት ከአሜሪካ የመጣውን ባለ ካቴና፣ ባለ ሁለት ማርሽና ባለ ፍሪሲዮን ኢንዲያን ነበር። የጎድፍሬይ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 76 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባል። ሁለተኛ ሆኖ የገባው ቻርሊ ኮሊየር በማችለስ ሲሆን ውጤቱ የተሰረዘበት ካልተፈቀደ ስፍራ ነዳጅ በመቅዳቱ ነው። ስለዚህ ኢንዲያን ያሸነፈው በማርሹ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እንደዚሁም ድሉ የካቴና በቺንጊያ ላይ ድል ነው የሚል ሰው ቢኖር የ1914ን ውጤት እናስታውሰዋለን። በ1912 ፍራንክ አፕልቢ፣ በ1913 ቲም ውድ በባለ ሁለት ማርሹ ስኮት ካሸነፉ በኋላ በ1914 ያሸነፈው ሲሪል ፑሊን ነው። እርሱ የነዳው ረጅ መልቲ ደግሞ በቺንጊያ የሚሠራ ነበር፤ ነገር ግን ነጂው በአንድ ረጅም እጀታ የሁለቱን መዘውሮች ስፋት በአንድ ጊዜ እያለዋወጠ ብዙ ልክ ያገኝ ነበር። እንግዲህ ካቴናም ሆነ ቺንጊያ ለብቻው ፍርድ አላገኘም። ፍርድ ያገኘው የልክ መለዋወጥ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት የታገደው ሐሳብ ተራራው ከተጨመረ በኋላ ግዴታ ሆነ።

5. ከእሽቅድምድም ወደ አገልግሎት

በእሽቅድምድም የተፈረደው ነገር ለተራው ነጂ የደረሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። የጦር መልእክተኛ በጭቃ፣ በተቈፋፈረ መንገድ፣ ከሰልፈኛ ወታደርና ከፈረስ ጋሪ መካከል እየተሹለከለከ ይሄዳል፤ ለእርሱ በእግረኛ ልክ መሄድ መቻል የሕይወት ጉዳይ ነው። በ1915 የወጣው ትራያምፍ ኤች የተባለው 550 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ይህን የሚያሟላ ነበር። ባለ ሦስት ማርሽ የስተርሚ አርቸር ካምቢዮና ፍሪሲዮን ነበረው፤ ፔዳል ግን አልነበረውም። በጦርነቱ ዘመን 30,000 ያህል ተሠርቶ ለሠራዊቱ ተሰጥቷል። ነጂዎቹም በታማኝነቱ ይጠሩት ነበር።

የፔዳሉ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። ፔዳል እስካለ ድረስ ሞተር ብስክሌት ሞተር የተጨመረበት ብስክሌት ነው፤ ሞተሩ ሲያቅተው ሰው ይተካዋል። ፔዳሉ ከወለቀ ወዲህ ግን ሞተሩ ቀጥ ያለውንም ዐቀበት በራሱ እንደሚወጣ ፋብሪካው ዋስ ሆኗል ማለት ነው።

6. የነጂው ጥበብ

መሣሪያው ከተሟላ በኋላ የቀረው ነጂው ነው። ሞተር ብስክሌት ፈጥኖ ሲሄድ ሚዛኑን ለመጠበቅ ነጂውን ብዙ አያስቸግረውም። እንግሊዛዊው ዊፕል በ1899 ስለ ብስክሌት ሚዛን ባወጣው ስሌት ብስክሌት ከአንድ ፍጥነት በታች ሲሆን ራሱን ማቃናት እንደማይችል አሳይቷል። በ2007 የታተመ የተሻሻለ ስሌትም ለምሳሌ የተወሰደ አንድ ብስክሌት ራሱን የሚያቃናው በሰዓት ከ15 እስከ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው ፍጥነት መካከል መሆኑን አስረድቷል። የሞተር ብስክሌት ልክ ከዚህ ቢለይም ጠባዩ አንድ ነው። በእግረኛ ልክ ሲኬድ መሣሪያውን የሚያቆመው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ጥበብ ያሳደጉት ትራያል የሚባሉት የፈተና ጉዞዎች ናቸው። በእንግሊዝ አገር በ1901 የተቋቋመው የሞተር ሳይክል ክበብ ከ1904 ጀምሮ ከለንደን እስከ ኤድንበርግ፣ ከ1908 ጀምሮ ደግሞ እስከ ላንድስ ኤንድ ድረስ የሚኬድ ጉዞ አዘጋጀ። በስኮትላንድም በ1909 የተጀመረው ጉዞ የስድስቱ ቀን ፈተና እየተባለ እስከ ዛሬ ይካሄዳል። በነዚህ ጉዞዎች ዐቀበትን ቀድሞ መውጣት ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ያለው ሳይቆሙ መውጣት ነው። በኋላም ሕጉ ጠበቀ፤ እግሩን አንድ ጊዜ መሬት ያስነካ 1 ነጥብ፣ ደጋግሞ ያስነካ 3፣ የቆመ 5 ነጥብ እንዲቀነስበት ተደረገ። በ1961 በስኮትላንዱ ፈተና ጎርደን ጃክሰን በኤጄኤስ ሞተር ብስክሌት ስድስቱን ቀን ሲነዳ የተቀነሰበት 1 ነጥብ ብቻ ነበር። በ1965 ደግሞ ሳሚ ሚለር በስፔን አገር በተሠራው ቀላል ቡልታኮ ስላሸነፈ የከባዶቹ የእንግሊዝ መሣሪያዎች ዘመን ማክተሙ ታወቀ። የዓለም ሻምፒዮና በ1975 ሲጀመር የመጀመሪያውን ድል ያገኘው ማርቲን ላምፕኪንም የነዳው ቡልታኮ ነበር።

ከነዚህ ፈተናዎች የተገኘው ትምህርት ባጭሩ እንዲህ ነው። ነጂው ዐቀበቱን ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፤ በመካከል መለወጥ እርምጃን ይሰብራልና። ነዳጁን ሳያወዛውዝ በአንድ ልክ ይዞ ፍሪሲዮኑን ከሚይዝበት ጠርዝ ላይ ያቆየዋል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው በነዳጁ ሳይሆን በፍሪሲዮኑና በኋላው ፍሬን ነው። በእግር መርገጫው ላይ ሲቆም ክብደቱ ዝቅ ብሎ በመርገጫው ላይ ስለሚያርፍ መሣሪያው ከሥሩ ሲወዛወዝ እርሱ አይወዛወዝም። ሰውነቱን የፊተኛው እግር እንዳይነሣ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ከመጠን ካለፈ ግን የኋላው እግር ቀልሎ ይሽከረከራል። በጠባብ መዞሪያ መሣሪያውን ወደ ውስጥ አጋድሞ ሰውነቱን ወደ ውጭ ያደርጋል። ዐይኑም ከፊተኛው እግር ሥር ሳይሆን ሊደርስበት ካሰበው ስፍራ ላይ ይሆናል።

ሞተሩ በዐቀበት መካከል ቢጠፋ ብዙ ጀማሪ የፊተኛውን ፍሬን ብቻ ይዞ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለ ሄደ የፊተኛው እግር መሬቱን አይቈነጥጥምና። የሚሻለው መሣሪያውን በማርሽ እንዳለ ትቶ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው፤ የጠፋው ሞተር ራሱ ፍሬን ይሆናል። እግር የሚወርደውም በላይኛው ወገን ነው። በቍልቍለትም ደንቡ ይኸው ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝ አድርጎ፣ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ እየረገጡ መውረድ። ፍሪሲዮን ጨብጦ የሚወርድ ሰው በ1894 የነበረውን ችግር በገዛ እጁ ይመልሳል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ከዝግታ ይከለክለው ነበር፣ አሁን ግን ራሱን በራሱ ይከለክላል።

7. ለተራራማ አገር ያለው ቁም ነገር

ይህ ታሪክ በሩቅ አገር የተፈጸመ ቢሆንም ለእኛ ባዕድ አይደለም። በመጀመሪያ፣ አዲስ አበባ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በ2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳር ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚቀንስ ሞተርም በዚያው መጠን ጕልበቱን ያጣል። ስለዚህ ለስኔፈል ተራራ ያስፈለገው ዝቅተኛ ማርሽ ለጣርማ በርና ለሊማሊሞ መንገድ ይልቁን ያስፈልጋል። መሣሪያው ደክሞ ሳይሆን አየሩ ሳስቶ መሆኑን ያላወቀ ነጂ ነዳጁን ብቻ እየከፈተ ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል።

ሁለተኛ፣ የመካኒኮቻችን ቋንቋ ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካቴና፣ ቺንጊያ፣ ካንዴላ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከላይ እንዳየነው አሠራሩ ያደገው በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ነው፤ ስሙ ግን ወደ እኛ የደረሰው በሌላ በር ነው። አንድ ዕቃ ከአንድ አገር፣ ስሙ ከሌላ አገር መምጣቱ ዕውቀት በምን ጎዳና እንደሚጓዝ ያመለክታል። በየጋራዡ የሚገኙት አረጋውያን መካኒኮች ይህን ቋንቋ እንዴት እንደ ተማሩ መጠየቅና መመዝገብ ለእኛ ለተማሪዎች የተገባ ሥራ ነው፤ ሊቀር የማይገባውም እነርሱ በሕይወት ሳሉ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነው ታሪክ የሚያሳየን ሞተር ብስክሌት ለሰው ሁሉ የሚያገለግል መሣሪያ የሆነው በፈጠነ ጊዜ ሳይሆን መዝገም በቻለ ጊዜ መሆኑን ነው። ፍጥነቱ ገና ከ1894 ጀምሮ ነበረው። የጎደለው ጕልበትን ከመንገድ ጋር የሚያስማማ ማርሽ፣ ሞተርን ከእግር የሚለይ ፍሪሲዮን፣ ሁለቱንም በጥበብ የሚገዛ እጅ ነበር። ይህንንም ያስገኘው የሕግ አውጪዎች ደግነት አይደለም፤ እነርሱ ጥቂት ጊዜ መንገድ ዘግተው ነበር። ያስገኘው የማይታለፍ ተራራና ተራራውን ያለ ግፊያ ለመውጣት የቈረጡ ሰዎች ናቸው።

አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። ይህን ምሳሌ ሁላችንም የምናውቀው የትዕግሥት ምክር ሆኖ ነው። የዚህ ጥናት ውጤት ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ዝግታ የፍጥነት ጉድለት ሳይሆን ራሱን የቻለ፣ ተፈልጎና ተደክሞበት የሚገኝ ችሎታ ነው። በአሁኑ ጊዜ በየገጠሩ በሞተር ብስክሌት የሚሠሩ ሰዎች ዐቀበቱን ሲወጡና ሲወርዱ ሕይወታቸው የተመሠረተው በዚህ ችሎታ ላይ ስለ ሆነ፣ ነጂዎችን የሚያሠለጥኑ ሁሉ ከፍጥነት አስቀድመው ዝግታን ቢያስተምሩ መልካም ነው እንላለን።